ሳታንኳኳ አትግባ

ይህን የምጽፈው ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። የሆነ ነገር ነው... አጠገቡ ቆሜ ያየሁት።

ውሸታም የሚለኝ ካለ ንፋስ መውጫ ይምጣ። መኪናዋ ዛሬም እዚያው ግቢ ውስጥ ቆማለች። ግቢውን የማያውቅ ባጃጅ ነጂ የለም፤ ግን አንዳቸውም እስከ በሩ አያደርሷችሁም።

ቀኑ እሑድ ነው። ጥር 23 ቀን 2013 ዓ.ም.። ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት።

ሌሊት አይደለም። ጨለማ የለም። ፀሐይ ወጥታለች፣ ግቢው በመልስ እንግዳ ጢም ብሏል፣ ሰው ሁሉ ይስቃል።

የእህቴ ባል ጌታቸው ወደ መኪናዋ በር ሄደና ሦስት ጊዜ አንኳኳ።

ኳ... ኳ... ኳ።

ከውስጥም ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

እኛም በሳቅ ፈረስን። ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ስሜ አያሌው ይባላል። ከንፋስ መውጫ ደብረ ታቦር ሚኒባስ እነዳለሁ። የጌታቸው ሚስት ማሬ ታላቅ እህቴ ናት። ጌታቸውን ብዙም አልወደውም ነበር፣ ይህን ከአሁኑ ልናገር። አብዛኛውን ነገር ግን የነገረኝ እሱ ራሱ ስለሆነ፣ እሱ ባየበት ዓይን ነው የምተርክላችሁ።

ጌታቸው መካኒክ ነው። እጁ ወርቅ ነው። ጆሮው ግን የለም። ሞተር ሲያናግረው ይሰማል፤ ሰው ሲያናግረው ግን ወይ ይስቃል ወይ ፊቱን ያዞራል።

አንድ ልጅ ነበረችው። ምስራቅ። ከጋብቻው አሥር ዓመት በኋላ፣ ማሬ ስንት ስለት ተስላ፣ ስንት ጠበል ጠጥታ የወለደቻት። ጌታቸው ለማንም የማይለውን "እሺ" ለእሷ ብቻ ነበር የሚለው።

ከእሷ ሌላ በዚህ ዓለም ላይ የሚፈራለት ነገር አልነበረውም።

.

መጋቢት 2012 ላይ፣ ኮሮና ገባ ተብሎ አገሩ በተሸበረበት ሳምንት፣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ብቻውን እየነዳ ከተማችን ገባ። ወደ ላሊበላ እያለፈ ሳለ በረራ ሊዘጋ ነውና ቶሎ ውጣ የሚል ስልክ ደርሶት ነው።

የሚነዳት መኪና እንደኛ መኪና አይደለችም። ከኋላዋ ሙሉ ቤት ተሸክማለች። አልጋ አላት። ምድጃ፣ ማሞቂያ፣ ዕቃ ማጠቢያ፣ ቁም ሣጥን የምታክል ሽንት ቤት አላት። የሰፈሩ ሰው "ቤት መኪና" ብሎ ጠራት፣ በዚያው ቀረች።

ሽማግሌው እስኪመለስ ድረስ ከመኖሪያ ቤቱ ጋር አንድ ግቢ በሆነው የጌታቸው ጋራዥ ሊያቆማት ጠየቀ። ሁለት ወር፣ ቢበዛ ሦስት።

ጌታቸው ደረቱ ሰፋ። አደራ ነዋ! ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው ንብረቱን ለእሱ አምኖ ሲሰጥ።

አስተርጓሚው ራሺድ ነበር። ከጋራዡ ጎን ጎማና መለዋወጫ ይሸጣል፤ ዓረብ አገር ብዙ ዓመት ስለኖረ እንግሊዝኛ ይሞካክራል። የዘይት ፊልትሮ ካርቶን ቀደደና ፈረንጁ የሚለውን ጀርባው ላይ በአማርኛ ይጽፍ ጀመር።

በየቅዳሜው ሞተሩ ግማሽ ሰዓት ይሥራ፣ ባትሪው ይታይ። ጎማው በአንድ ጎኑ ተኝቶ እንዳይበላሽ መኪናዋ ወደፊትና ወደኋላ ትንሽ ትንቀሳቀስ። ክረምት ሳይገባ ጣሪያዋ ይፈተሽ። ንጹሑን ውሃ የሚይዘው ታንከርም፣ ያገለገለውን የሚይዘውም ባዶ ይሁን...

ከዚያ ፈረንጁ ወለሉ ላይ ተንበረከከ።

ከአልጋው ሥር የሻይ ብርጭቆ አፍ የሚያክሉ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። ወደ መኪናዋ ሆድ፣ ወደ ውጭ ነው የሚወጡት።

"እነዚህን ማንም እንዳይደፍናቸው ይላል" አለ ራሺድ። "ማሞቂያው በጋዝ ነው የሚሠራው። አየር ካላገኘ ይገድላል።"

ጌታቸው የቀዳዳዎቹን ዙሪያ በጣቱ ዳሰሰ። የደረቀ ሙጫ አለበት። የተቦጨቀ ጨርቅም ተጣብቆ ቀርቷል።

"ተደፍኖ ያውቃል እንዴ?"

ራሺድ ጠየቀለት። ፈረንጁ ጉልበቱን እያራገፈ ተነሣ።

"ሚስቴ ብርድ አትወድም ነበር አለ።"

ይኸው ነው።

ቁልፉን ካስረከበ በኋላ ግን ተመልሶ መጣና፣ ካርቶኑ ላይ አንድ መስመር እንዲጨመር ለመነ። ራሺድ ሰምቶ ግንባሩን ቋጠረ።

"ደሞ ምን አለ?"

"ከመግባትህ በፊት ሦስት ጊዜ አንኳኳ ነው የሚለው። ሳታንኳኳ አትግባ።"

"ባዶ መኪና?"

"እኔ ምን ላውቅ... ያለውን ነው የነገርኩህ።"

ጌታቸው ሳቀ። ካርቶኑን ጋራዡ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ሲገባም ሲወጣም አንኳኩቶ አያውቅም።

.

የመጀመሪያዎቹ ቅዳሜዎች በሰላም አለፉ።

ሚያዝያ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጌታቸው ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ ያገለገለ ውሃ የሚይዘውን ታንከር ቧንቧ ከፈተ። እንዲያው ለደንቡ ነው። ባዶ መሆኑን ያውቃል፤ ባለፈው ሳምንት ራሱ አንጠፍጥፎታል።

ውሃ ወረደ።

አንድ ብርጭቆ ያህል። ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

ቧንቧ ውስጥ የቀረ ነው አለና ዘጋው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ጆግ ሞላ። በዚያ ላይ ጣቱ ላይ የሆነ ነገር ተጠመጠመበት። ሲስበው ረዘመ... ሲስበው ረዘመ።

ፀጉር ነው። ነጭ። ክንድ የሚያህል።

ፈረንጁ ደግሞ መላጣ ነበር።

ጌታቸው ሰው ገብቶ ይታጠባል ብሎ ጠረጠረ። በሩ ላይ ከውጭ የቁልፍ ማንጠልጠያ በየደና ትልቅ ቁልፍ አንጠለጠለበት። ይህን ቁልፍ አስታውሱት።

ውሃው አልቀረም።

ሌላም ነገር መጣ። ከመሪው ፊት፣ ክሩስኮቱ ላይ ፈረንጁ ትንሽ ውሃ ልክ ለጥፏል፤ ግንበኛ ግድግዳ የሚለካበት ዓይነት። መኪናዋ ተስተካክላ መቆሟን የሚያይበት ነው። አረፋዋ መሐል ላይ ከሆነች መኪናዋ ልክ ናት። አንዱ ጎን ከከበደ አረፋዋ ወደ ሌላው ጎን ትሸሻለች።

አልጋው በግራ ነው፣ በሩ በቀኝ። ሰው አልጋው ላይ ቢተኛ አረፋዋ ወደ በሩ ትሸሻለች ማለት ነው።

ጌታቸው በየቅዳሜው መኪናዋን በድንጋይና በክሪክ አስተካክሎ አረፋዋን መሐል ላይ ያደርጋታል። በሳምንቱ ሲመጣ ወደ በሩ ሸሽታ ያገኛታል።

አልጋው ባዶ ነው።

አንድ ቀን ሞተሩን አጥፍቶ፣ መሪው ጋ ቁጭ ብሎ የእጁን ዘይት ይጠርጋል። ከረፋዱ አራት ሰዓት ይሆናል። ውጭ ልጆች ይጫወታሉ። ዓይኑ ውሃ ልኩ ላይ አረፈ።

አረፋዋ ተነቃነቀች።

ከበሩ በኩል... ወደ መሐል... ከመሐል ደግሞ ወደ አልጋው። ቀስ እያለች።

አልጋው ላይ የነበረው ተነሥቶ ወደ በሩ እየሄደ ነው።

ጌታቸው ወደ ኋላ አልዞረም። መዞር አቃተኝ ነው ያለኝ። የጋቢናውን በር ከፍቶ ወረደና፣ ራሺድ ሱቅ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

"ምን ሆንክ?" አለው ራሺድ።

"ንፋሱ" አለ። "መኪናዋን ንፋሱ እያወዛወዛት ነው።"

.

ንፋስ ስላችሁ ደግሞ የኛን አገር ንፋስ እወቁት። ከጥቅምት ጀምሮ ሲነሣ ቆርቆሮ ይነቅላል፣ ጆሮ ያደነቁራል። የኛ ሰው ቤት ሲሠራ አስቀድሞ የሚያየው ንፋስ የሚገባበትን ነው። ሴቱ እበትና ጭቃ ይዞ፣ ወንዱ ጨርቅና ቆርቆሮ ይዞ ሲደፍን ይውላል። ቀዳዳ ያለበት ቤት ያለው ሰው እኛ ዘንድ ሰነፍ ነው።

ታኅሣሥ ላይ በእነዚያ በሁለቱ ቀዳዳዎች ንፋሱ ያፏጭ ጀመር። ፉጨቱ ይጀምራል፣ ያርፋል፣ ይጀምራል። የተኛ ሰው ትንፋሽ ይመስላል።

ጌታቸው መታገሥ አልቻለም። ጨርቅ ጠቀጠቀባቸውና በላዩ ላይ ሲሊኮን የሚባለውን ሙጫ ለጠፈ። ከጀመረ አይቀር የመስኮቶቹንም ጠርዝ ዙሪያውን አሸገው።

ራሺድ ቆሞ አየው።

"ካርቶኑ ላይ አለ እኮ።"

"ማሞቂያውን ማን ያበራዋል? እኔ አላበራው፣ አንተ አታበራው።"

"ቢሆንም አደራ ነው፣ ጌታቸው።"

"አቧራ ገብቶ ዕቃው ቢበላሽስ አደራ አይደለም?"

ራሺድ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ጌታቸውን በክርክር የረታው ሰው የለም።

አስገራሚው ነገር፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉም ነገር ቀጥ አለ።

ታንከሩ ደረቅ። አረፋዋ መሐል ላይ። ፀጉር የለ፣ ሳሙና የለ።

"አላልኩህም!" አለው ራሺድን። "ዝናቡም ንፋሱም በቀዳዳው ነበር የሚገባው!"

ያ ሁሉ ፍርሃት በአንድ ቱቦ ሲሊኮን አለቀ ብሎ ደስ አለው። ቀዳዳዎቹንም ረሳቸው።

.

ምስራቅ በጥር ተዳረች። ሙሽራው ምናለ የእስቴ ልጅ ነው፤ መካነ ኢየሱስ የግብርና ባለሙያ ሆኖ ይሠራል። ረጋ ያለ፣ ሰው ሲያናግረው መሬት መሬት የሚያይ ልጅ ነበር። ሠርጉ ሐሙስ ሆነ፣ መልሱ ደግሞ ቅዳሜ እኛ ቤት።

የእስቴ ሰው በሁለት አውቶቡስ መጣ። ቤቱ ሞላ፣ ጎረቤትም ሞላ። ሙሽሮቹ የሚተኙበት ክፍል ለአማቾቹ ሆነ።

ምስራቅ አባቷን ጥግ ይዛ ለመነችው። እጇ በእንሶስላ ቀልቶ ነበር።

"አባዬ፣ ቤት መኪናዋ ውስጥ እንደር።"

"የሰው አደራ ነው፣ ልጄ።"

"ለአንድ ሌሊት እኮ ነው! ምን ትሆናለች?"

"እሺ" አለ። ብያችኋለሁ፤ ለእሷ እሺ ነው።

አንሶላውን ራሱ አነጠፈ። ብርድ ልብሱን ራሱ ደረበ። የሩቅ አገር አማቾቹ እያዩ፣ ልጄን ብርድ አይንካት ብሎ የጋዝ ሲሊንደሩን አገናኘና ማሞቂያውን በገዛ እጁ ለኮሰ። እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ በራ። ሰዉ አጨበጨበለት።

ቀዳዳዎቹ ትዝ አላሉትም።

ምስራቅ ገብታ ዙሪያውን ካየች በኋላ አባቷን ጠራችው። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"አባዬ... እዚህ ሰው ይኖራል?"

"ለምን?"

"ሳሙና ሳሙና ይሸታል። አሁን የታጠበ ሰው የሚሸተውን።"

"ለእናንተ ብዬ አጥቤው ነው" አላት።

አላጠበውም ነበር።

ሚዜዎቹ ጠጥተዋል፤ ሌሊት ሙሽሮቹን ሲረብሹ እንዳያድሩ ጌታቸው ፈራ። ቁልፉን አንሥቶ ለእኔ ሰጠኝ።

"ከውጭ ቆልፍባቸው። ጠዋት ትከፍትላቸዋለህ።"

ቆለፍኩ። ከጋቢናው ወደ ቤቱ የሚያሳልፈውን በር ጌታቸው ራሱ በጋቢናው በኩል ቀርቅሮታል። ምስራቅ በመስኮቱ መስታወት እየሳቀች፣ "አጎቴ፣ እንዳትረሳን!" አለችኝ።

"ቁልፉን ገደል ነው የምከተው!" አልኳት።

ኪሴ ከተትኩት።

.

እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ማሬ የሙሽሮቹን ቁርስ አሰናድታ ጌታቸውን ላከችው።

ጌታቸው በሩ ጋ ደርሶ ቆም አለ። አሥር ወር ሙሉ አንኳኩቶ የማያውቀው ሰው፣ ሙሽሮች ናቸውና አፈረ። አንኳኳ።

ኳ... ኳ... ኳ።

ከውስጥ መልስ መጣ። ሦስት ጊዜ። ፈጠን ፈጠን ያለ።

"አያሌው፣ ክፈትላቸው" አለኝ።

እኔ ከነሚዜዎቹ ጋር ጠላ ይዤ ተቀምጫለሁ። ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። ማሳቅ እወዳለሁ።

"ምን ነካህ አንተ ሰውዬ!" አልኩት። "ሂዱልን ነው የሚሉህ! ሥራ ላይ ናቸው!"

ግቢው በሳቅ ተናጋ። የእስቴ ሽማግሎች ሳይቀሩ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ጌታቸውም ፊቱ ቀልቶ ሳቀና ቁርሱን ይዞ ተመለሰ።

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።

አምስት ሰዓት ላይ ደግሞ ሄደ። አንኳኳ።

መልሱ ዘገየ።

ኳ............ ኳ............ ኳ።

አሁን ከታች ነው የመጣው። ከበሩ ግርጌ፣ ከጉልበት በታች።

"ድምፁ ከታች ሆነ" አለ ጌታቸው።

"ቆመው ማንኳኳት አቅቷቸው ነዋ! ደክሟቸዋል!" አልኩ።

ከመጀመሪያው የባሰ ተሳቀ። አንዱ ሚዜ እያጨበጨበ ዘፈን ጀመረ። በዚያ ጩኸት መሐል አራተኛ ኳ ቢኖር፣ አምስተኛም ቢኖር ማን ይሰማል?

ጌታቸው ልቡ አላረፈም። ወደ መኪናዋ ፊት ዞሮ በመስታወቱ ውሃ ልኩን አየ። አረፋዋ ወደ አልጋው ጥግ ሸሽታለች።

ስለዚህ ክብደቱ በሩ ጋ ነው። ተነሥተዋል፣ ልብስ እየለበሱ ነው ብሎ ራሱን አጽናና።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ማሬ ራሷ መጣች። ፊቷ ላይ ሳቅ የለም።

"ልጄ ውሃ እንኳ አልጠየቀችም" አለች። "ክፈቱ!"

ጌታቸው ለመጨረሻ ጊዜ አንኳኳ።

ኳ! ኳ! ኳ!

መልሱ ወዲያው መጣ። ከላይ፣ ከጆሮው ትክክል። የቆመ ሰው፣ ጤነኛ ሰው፣ በደንብ የተኛ ሰው የሚያንኳኳው።

"ይኸው ደህና ናቸው" አልኩ።

ማሬ እጇን ኪሴ ውስጥ ከተተችና ቁልፉን አወጣች።

በሩ ሲከፈት ያየሁትን ልንገራችሁ። በሩ ጋ ማንም የለም። መኪናዋ ግን ብድግ አለች። ሰው ሲወርድላት ከፍ እንደምትለው፣ በቀኝ ጎኗ ብድግ። ሳሙና የሚሸት ነገር በእኔና በማሬ መሐል አለፈ።

ሙሽሮቹ አልጋው ላይ ናቸው።

ጎን ለጎን። ብርድ ልብሱ እስከ አገጫቸው ተስቦ፣ በዙሪያቸው ተጠቅጥቋል። የምስራቅ ፀጉር ተፈቶ፣ ተበጥሮ፣ ትራሱ ላይ ተዘርግቷል። ማሞቂያው በርቷል። ክፍሉ ይሞቃል...

ልጆቹ ግን አይሞቁም።

ማሬ ስትጮህ እንኳ አልሰማኋትም። እኔ የማየው የምስራቅን ቀኝ እጅ ነበር። ከብርድ ልብሱ ወጥቶ ደረቷ ላይ ተቀምጧል። የጣቶቿ መገጣጠሚያ ሁሉ ተላልጧል።

ሐኪሙ መርምሮ ጌታቸውንና እኔን ጠራን። የጋዙ ጭስ አይሸትም፣ እንቅልፍ ነው የሚመስለው አለን። ምናለ የሞተው ሳይነጋ ነው።

"እሷስ?" አለ ጌታቸው።

ሐኪሙ ወረቀቱን አየ። ቀና ማለት አልፈለገም።

"እሷ ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው።"

ሦስት ሰዓት ላይ በሕይወት ነበረች። አምስት ሰዓት ላይም በሕይወት ነበረች። ስታንኳኳ፣ እኔ ሳቅሁ።

"በሩ ሥር ወድቃ ነው መሰለኝ የሞተችው" አለ ሐኪሙ። "ጉልበቷና ክርኗ ላይ ምልክት አለ። አንሥቶ አልጋ ላይ ያስተኛት ማን ነው?"

ከእኛ መሐል ያስተኛት የለም።

ስምንት ሰዓት ላይ ያንኳኳው ማን እንደሆነም አልጠየቀን። አልነገርነውማ።

.

በአርባቸው ማግስት ራሺድ ለፈረንጁ ደውሎ የሆነውን ሁሉ ነገረው። ጌታቸው አጠገቡ ቁጭ ብሏል። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰማው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

"ስታንኳኳ... መልስ ሰማህ ወይ ይላል" አለ ራሺድ።

"ሰምቻለሁ በለው።"

ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ አይሠራም።

ማሬ ወደ ወገዳ፣ ወደ እናታችን ቤት ሄደች። እኔን ስታይ ትነሣና ጓዳ ትገባለች። አልፈርድባትም።

ጌታቸው ሲሊኮኑን ፍቆ ጣለ። ጨርቁን ነቀለ፣ መስኮቶቹን ከፈተ። ብዙ ሰው አቃጥላት አለው፣ ሌላው ሽጣት አለው።

"የሰው አደራ ነች" አለ።

እስከ ዛሬ በየቅዳሜው ሞተሯን ያስነሣል፣ ጎማዋን ያያል፣ ታንከሯን ያንጠፈጥፋል። አደራ አይደለም ግን። እኔ አውቃለሁ። ውሃው ተመልሶ መጥቷል... አሁን ቀላ ያለ ነው የሚወርደው። እንሶስላ የነካው እጅ የታጠበበት ውሃ ይመስላል። ጌታቸው በጀሪካን እየተቀበለ ጋራዡ ውስጥ ያስቀምጠዋል። አንዱንም አልደፋውም።

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሄድኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ ይቅርታ ልጠይቀው ነው የሄድኩት። ከመኪናዋ ሥር በጀርባው ተኝቶ አገኘሁት።

"ና፣ እይ" አለኝ በሹክሹክታ።

አጠገቡ ተጋደምኩ። ከላያችን ሁለቱ ቀዳዳዎች ይታያሉ። አሁን ነው የከፈትኳቸው አለኝ። አጠገቡ መሬት ላይ ሁለት እፍኝ ነጭ ጨርቅ ተጥሏል። ጥለቱን አየሁት። የመልስ ቀን ምስራቅ የለበሰችው የአበሻ ቀሚስ ነው። ከቀሚሱ ጋር ነው የቀበርናት።

"በየሳምንቱ እነቅለዋለሁ" አለኝ። "በየሳምንቱ ይደፈናል።"

"ማነው የሚደፍነው?"

"ዝም በል... እይ።"

ንፋሱ ማፏጨት ጀመረ።

በግራው ቀዳዳ ነጭ ነገር ብቅ አለ። ጨርቅ ነው። ከውስጥ ይገፋል፣ ትንሽ ያርፋል፣ እንደገና ይገፋል። ጠርዙ ላይ ቀይ ነክቶታል። ጥቅጥቅ፣ ጥቅጥቅ እያለ ብርሃኑን ዘጋው።

"ምስራቅ ናት?" አልኩት።

ጌታቸው በእጁ አገጬን ይዞ ፊቴን ወደ ቀኙ ቀዳዳ አዞረው።

እሱም፣ ረጅም ነጭ ፀጉር በተጠመጠመበት ጨርቅ፣ እየተደፈነ ነበር። በዚያው ሰዓት።